የአሮጌው ጂፕ ጭስ ወዴት ይሄዳል?

ኤግዞዝ መቀየር ማለት ደስ የሚል ድምፅ መግዛት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፤ ልጆቼ ከኋላ ወንበር ላይ እስኪታመሙ ድረስ።

በፔሳሕ በዓል ሳምንት ከሚጽፔ ራሞን ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላ የተቀመጠችው የ9 ዓመት ልጄ «አባ፣ ራሴን» አለች። ፀሐዩ ነው አልናት፤ ውሃ ጠጪ አልናት። ስዴ ቦከር ሳንደርስ ታናሽ ወንድሟ አስመለሰው። ጥግ ይዤ ቆምኩና አወረድናቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ንጹሕ አየር ሲያገኙ ሁለቱም ድንጋይ እየወረወሩ መጫወት ጀመሩ። የመንገድ ሕመም ነው ብለን ቀጠልን። ቤርሼባ ስንገባ ልጅቷ እንደገና «ራሴን» አለች።

የዚያን ቀን ድንኳኑ፣ ፍራሹና ጀሪካኑ በዝቶ የኋላው በር አልዘጋ ስላለኝ በገመድ አስሬ ገርበብ እንዳለ ነበር የምነዳው። እኔና ባለቤቴ ከፊት ስለሆንን ምንም አልተሰማንም። ልጆቼ ያን ሁሉ መንገድ የሞተር ጭስ ሲተነፍሱ እንደነበር ያወቅሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ እሱንም ያወቅሁት ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ነው።

ሌላው ጉዳይ ምን መሰላችሁ? ጂፔ የ1998 ቼሮኪ ነው፤ ያ ሳጥን የሚመስለው፣ ባለ 6 ሲሊንደር 4.0 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያለው። ይህ ሞተር ከ1987 እስከ 2006 ድረስ መጀመሪያ በቼሮኪ፣ በኋላም በራንግለር ላይ እየተገጠመ ወጥቷል። ሞተሩ ራሱ በቀላሉ የሚሞት አይደለም፤ የሚያረጀው ዙሪያው ያለው ነገር ነው። የጎረቤቴ ልጅ የራሱን ራንግለር ወፈር ያለ ድምፅ የሚያወጣ ኤግዞዝ አስገጥሞለት አርብ ከሰዓት ሰፈሩን ሲዞርበት እያየሁ እኔም ቀናሁ፤ አልዋሽም። ለዚያ ብዬ ገንዘብ አጠራቀምኩ።

የሄድኩባቸው መካኒክ ሙያውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ጎንደር ከተማ ጋራዥ ውስጥ የተማሩ፣ እዚህ አገርም ከመጡ ጀምሮ ከመኪና ሥር ያልወጡ አባት ናቸው። «ጋሼ፣ ድምፁ ወፈር የሚል ኤግዞዝ እንዲገጥሙልኝ ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

«ይሁን ልጄ፣ እንገጥማለን። መጀመሪያ ግን ያለውን ማርሚታ እንየው። ነገ ጧት አምጣው፤ ማታውኑ እዚህ ብታሳድረው ደግሞ ይሻላል። ሳይሞቅ ነው የምፈልገው» አሉኝ።

አሳደርኩት። ጧት ቡናቸውን እንደጠጡ ኮፈኑን ከፍተው «አስነሳ» አሉኝ። ሞተሩ ሲነሳ ከጎኑ «ጥክ፣ ጥክ፣ ጥክ» የሚል ድምፅ ይሰማል። እኔ ይህን ድምፅ ለዓመታት ሰምቼዋለሁ፤ ዘይት እስኪወጣ ነው ብዬ ትቼው ነበር፤ ሲሞቅ ስለሚጠፋ። እሳቸው እርጥብ ጨርቅ ይዘው ወደ ኋላ ሄዱና የማርሚታውን አፍ አፈኑት። ያን ጊዜ ጭሱ መውጫ ሲያጣ ከመኪናው ሥር በሦስት ቦታ «ፍስስስ» ማለት ጀመረ። ሞተሩን አስጠፍተው መኪናውን በሊፍት ወደ ላይ አወጡትና በባትሪ እያበሩ አሳዩኝ፦ ከሞተሩ አጠገብ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ መሐል ላይ የተበላ መጋጠሚያ፣ ከኋላ ደግሞ በጣት የሚበሳ የዛገ ማርሚታ። የመጨረሻዋ የጭራ ቱቦ ተቆርጣ ስላጠረች የሚወጣው ጭስ በቀጥታ የኋላው በር ሥር ነው የሚያርፈው።

«ልጆችህን የምትጭነው በዚህ ነው?» አሉኝ። ያኔ ነው ኔጌቭ ትዝ ያለኝ።

የማይሸተው ጭስ

ከቤንዚን ሞተር በሚወጣው ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አለ። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። የሚሸተን ሌላው ጭስ ነው፤ ገዳዩ አብሮ ይመጣል እንጂ ራሱን አያሳውቅም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ትንሽ በትንሽ ሲገባ ሰውነት ቀስ እያለ ይታፈናል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ነው፤ ማለትም ሰው «ፀሐይ መታኝ» ወይም «መንገድ አመመኝ» የሚልበት ነገር ሁሉ። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የልብ ሕመም ያለባቸው ቶሎ ይጎዳሉ። አንድ መለያ አለው፦ ከመኪናው ወርደው ንጹሕ አየር ሲያገኙ ይሻላቸዋል፣ ሲመለሱ ይብስባቸዋል። እኛ ይህን በዓይናችን አይተን አላወቅነውም።

ሳጥን የሚመስሉ መኪኖች ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። መኪናው ሲሮጥ ከጀርባው አየሩ ይሳሳና ሽክርክሪት ይፈጠራል፤ ያ ሽክርክሪት ጭሱን ወደ ኋላው በር ይጎትተዋል። በሩ በደንብ ከተዘጋና ላስቲኩ ጤነኛ ከሆነ ችግር የለም። ገርበብ ካለ ወይም ላስቲኩ ከተቀዳደደ ግን ጭሱ ተጋብዞ ይገባል። ስለዚህ አንድ ሰው አሮጌ ጂፕ ይዞ ዕቃ ስለበዛበት የኋላውን በር አስሮ የሚነዳ ከሆነ፣ እባካችሁ ዕቃውን ጣሪያ ላይ ይጫን። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያም አለ። ቤት ውስጥ ለጋዝ ማሞቂያ የሚሰቀለው ዓይነት ነው፤ እኔ አሁን አንዱን ከኋላ ወንበር አጠገብ አስሬዋለሁ።

ስንጥቁ ከየት መጣ?

የቃላቱን ነገር አስቀድመን እንጨርስ። አገር ቤት ጋራዥ ውስጥ ከጣሊያን የቀረን ስም «ማርሚታ» ነው፤ እዚህ ሙሳክ ስትገቡ «ኤግዞዝ» ይሏችኋል። ጭሱን የሚያጣራው ካታሊዛተር በዕብራይስጡ «ሜሚር» ይባላል። ማርሚታ ስንል ብዙ ጊዜ ድምፅ የሚያፍነውን በርሜል ብቻ እናስባለን፤ ነገሩ ግን ከሞተሩ ራስ ማለትም ከቴስታታው ጀምሮ እስከ ጭራው ድረስ አንድ መሥመር ነው።

በእኔ ዓይነት ሞተር ላይ ደካማው ቦታ የመጀመሪያው ነው። ከ6ቱ ሲሊንደሮች የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ወደ አንድ ቱቦ የሚያመጣው ክፍል በ1990ዎቹ ሞዴሎች ላይ ከስስ ብረት ቱቦዎች የተበየደ ነው። ሲግል ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይኮማተራል፤ ይህ ከሺህ ጊዜ በላይ ሲደጋገም ቱቦዎቹ የሚገናኙበት ብየዳ ላይ ይሰነጠቃል። ይህን የጂፕ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። ብዙዎች የማያውቁት ግን ስንጥቁን የሚያፋጥነውን ነው፤ ሞተሩና ካምቢዮው የተቀመጡባቸው ጎማዎች ሲያልቁ ሞተሩ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ይወዛወዛል፣ ሲወዛወዝ ኤግዞዙን እየጎተተ ያጣምመዋል። ስለዚህ አዲስ ክፍል ገዝታችሁ ያለቁትን ጎማዎች ካልቀየራችሁ፣ አዲሱም በተራው ይሰነጠቃል። መካኒኩ «ያንተ ሁለቱም ጎማዎች አልቀዋል» ሲሉኝ ገንዘብ ሊጨምሩብኝ መስሎኝ ነበር። ዳኛ አድርገው አሮጌውን አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት፤ ለሁለት ተከፍሎ ወደቀ።

«ጥክ፣ ጥክ» የሚለው ድምፅ ሲሞቅ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ብረቱ ሲግል ሲለጠጥ ስንጥቁ ይጠባል። ድምፁ ጠፋ ማለት ግን ስንጥቁ ዳነ ማለት አይደለም።

ይህ ስንጥቅ ኪስም ይጎዳል። ኦክስጅን የሚለካው ሴንሰር ከስንጥቁ በታች ነው የተቀመጠው። ጭሱ በምት በምት ስለሚወጣ በምቶቹ መሐል ስንጥቁ የውጭ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ሴንሰሩ ያን አየር ያይና ለኮምፒዩተሩ «ነዳጅ አንሷል» ይለዋል፤ ኮምፒዩተሩም ነዳጅ ይጨምራል። ድሮውንም ነዳጅ የሚወድ ሞተር እንደገና ይጠማል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሴንሰሩን ይቀይራል፤ ሴንሰሩ ግን ያየውን ነው የተናገረው።

ሥራው ራሱ ትዕግሥት ይፈልጋል። በዚህ ሞተር ላይ አየር ማስገቢያውና ጭስ ማስወጫው በአንድ ጎን፣ በአንድ ጓርኒሲዮን፣ በጋራ ቡሎኖች ነው የታሰሩት። አንዱን ለማውጣት ሌላውን መፍታት ግድ ነው። የ25 ዓመት ቡሎን ደግሞ በጉልበት ከታገሉት ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ቴስታታው ውስጥ ሲቀር የግማሽ ቀን ሥራ የሁለት ቀን ይሆናል። እሳቸው ከአንድ ቀን በፊት ዝገት የሚያለቅቅ ዘይት ነፍተው አሳደሩት፣ ጧት እንደገና ነፉት፣ ከዚያ ትንሽ ፈታ፣ ትንሽ መለስ እያደረጉ አወጡት። አንድም አልተቆረጠም። ሲያስሩም ከመሐል ጀምረው ወደ ዳር ነው፤ ከዳር ከተጀመረ ጓርኒሲዮኑ ሳይስተካከል ይቀራል።

«ባዶውን ቱቦ እንግጠምልህ»

ወደ እሳቸው ከመሄዴ በፊት ሌላ ቦታ ጠይቄ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። እዚያ የነበረው ሰው መኪናውን እንኳ ሳያይ «ሜሚሩን አውጥተን ባዶ ቱቦ እንግጠምልህ፤ ጉልበት ይጨምራል፣ ድምፁም ያምራል» አለኝ። ዋጋውም ርካሽ ነበር። ለምን ርካሽ እንደሆነ አሁን ገብቶኛል።

ሜሚሩ ውስጡ የማር እንጀራ የሚመስል ሴራሚክ ነው፤ በላዩ ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ተቀብቷል። ካርቦን ሞኖክሳይዱን፣ ያልተቃጠለውን ነዳጅና የናይትሮጅን ጋዞቹን ወደማይመርዝ ነገር የሚለውጡት እነዚህ ብረቶች ናቸው። ዋጋቸው ውድ ስለሆነ ነው ሌቦች ሌሊት ከመኪና ሥር ገብተው ሜሚር ቆርጠው የሚሄዱት። እና አንድ ሰው አሮጌውን ሜሚራችሁን በነፃ «እኔ ጋ ተወው» ካላችሁ ቆም ብላችሁ አስቡ። ወይ ይመለስላችሁ፣ ወይ ከሒሳቡ ይቀነስ።

ሜሚር አውጥቶ መንዳት በሕግም አይፈቀድም። በየቴስቱ የቤንዚን መኪና ጭስ በመሣሪያ ይለካል፤ በባዶ ቱቦ ያን ማለፍ ከባድ ነው። በመኪና ላይ የሚደረግ የመዋቅር ለውጥ፣ «ሺኑይ ሚብኔ» የሚሉት፣ ከማጓጓዣ ሚኒስቴር ፈቃድ ይፈልጋል። ከመኪናው ዓይነት ጋር የሚስማማ ሜሚርና ማርሚታ መቀየር ጥገና ነው፤ መሥመሩን መለወጥ ወይም ማጣሪያውን ማውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ቴስት የምታደርጉበት ማኾን ሪሹይ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ዋጋ አያስከፍልም። አደጋ ቢደርስ የኢንሹራንስ ሰዎች መጀመሪያ የሚፈልጉት እንዲህ ዓይነቱን ነገር ነው።

ሜሚሩ ተደፍኖ መኪናው አልጎትት ካለስ? ይህ ይሆናል። ግን በራሱ ጊዜ የሚደፈነው ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ሌላ ብልሽት ነው። አንድ ካንዴላ በደንብ ካላቀጣጠለ ያልተቃጠለው ነዳጅ ሜሚሩ ውስጥ ገብቶ እዚያ ይቃጠልና ሴራሚኩን ያቀልጠዋል። ካንዴላውን ሳያስተካክል ሜሚር የቀየረ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ይመለሳል። በጎማ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ብትመቱት ውስጡ የተሰበረው እንደ ድንጋይ ይንኳኳል። የእኔ አልተንኳኳም፤ ስለዚህ ቀረ።

ወፍራም ቱቦ፣ ቀጭን ጉልበት

ወደ ድምፁ ልመለስ፤ ለነገሩ የሄድኩት ለእሱ ነበር። የዚህ ጂፕ የፋብሪካ ቱቦ ስፋቱ 5.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ በእንቾቹ አቆጣጠር 2 ከሩብ። እኔ 3 ኢንች ይሁንልኝ አልኩ። ሳቁ። «አንተ ይህን መኪና አውቶስትራዳ ላይ ልታሽቀዳድመው ነው ወይስ ዳገት ልታወጣው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭሱ በቱቦ ውስጥ በፍጥነት ሲሮጥ ከኋላው ያለውን ጭስ እየሳበ ሲሊንደሩን ያጸዳለታል። ቱቦው በጣም ከሰፋ ሞተሩ ቀስ ሲል ጭሱ ይዝላል፤ ያ መሳብ ይቀራል። ሽታሕ ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ፣ አሸዋ ላይ የምንነዳው ደግሞ ቀስ ብለን ነው። ከ1500 እስከ 2500 ዙር ባለው ውስጥ የሚገኘው ጉልበት ነው ዳገት የሚያወጣው። በዚህ ሞተር ላይ 2 ከግማሽ ኢንች በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ሞተሩ ሌላ ነገር ካልተቀየረለት ድምፅ ብቻ ነው ትርፉ። ኤግዞዝ ብቻውን ስንት የፈረስ ጉልበት ይጨምራል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው እውነተኛው መልስ «ጤነኛ የፋብሪካ መሥመር ከነበረህ፣ ወንበር ላይ ሆነህ የማታውቀውን ያህል ትንሽ» የሚል ነው። የተሰነጠቀና የተደፈነ ከነበረህ ግን መኪናው አዲስ ይመስልሃል።

ማርሚታው ራሱ ሁለት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው ውስጡ በክፍል በክፍል የተከፈለ፣ ጭሱን እያዞረ ድምፁን የሚያበርድ። ሁለተኛው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀጥ ያለ ቱቦ በድምፅ መጣጭ ጭረት የተጠቀለለ። ሁለተኛው ነው ያ ወፈር ያለውን ድምፅ የሚሰጠው። ሱቅ ውስጥ ሲሰሙት ያምራል፤ ወደ ኤላት ሦስት ሰዓት ሲነዱበት ግን በመንገድ ፍጥነት ላይ «ኡኡኡኡ» የሚል ጆሮ የሚደፍን ድምፅ ይመጣል። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ውሳኔው አለቀ። የመጀመሪያውን ዓይነት ገዛሁ።

የገዛሁት ብረት ላይ ግን አልቆጠብኩም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይወጣል፤ ጧት ከጭራው ሲንጠባጠብ የምታዩት እሱ ነው። ረጅም መንገድ ሲነዳ ቱቦው ግሎ ውሃውን ያተነዋል። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ ለሚመለስ መኪና ግን ውሃው ማርሚታው ውስጥ ይቀራል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚበሰብሰው። በባሕር ዳር ከተሞች ያለን ሰዎች ጨው ካለው አየር ደግሞ ከውጭም እንበላለን። ተራ ብረት ርካሽ ነው፤ አልሙኒየም የተቀባው ይሻላል፤ የማይዝገው ስቴንለስ ውድ ነው ግን ከመኪናው ጋር ያረጃል። እኔ መሐለኛውን ያዝኩ።

አገጣጠሙ ላይ መካኒኩ ያጠበቁት አንድ ነገር ነበር፦ ጭራው ከመኪናው አካል አልፎ እንዲወጣ። አንዳንድ ልጆች ድንጋይ እንዳይመታው ብለው ቱቦውን ከኋላው ጎማ ፊት በጎን ያስወጡታል። ጭሱ ያኔ በመስኮት ሥር ነው የሚወጣው። ድንጋዩን መፍራት ትክክል ነው፤ ግን ቱቦውን ወደ ላይ፣ ወደ ሻንሲው ማስጠጋት እንጂ ማሳጠር መፍትሔ አይደለም። ሌላው፣ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ገመድ መፈታቱን በዓይናችሁ እዩ። አለዚያ ዲናሞውና ኮምፒዩተሩ ሊቃጠሉ ይችላሉ። ብየዳው ከነዳጅ ታንከሩና ከፍሬን ቱቦው አጠገብ ከሆነ ተፈትቶ ውጭ ቢሠራ ነው የሚሻለው።

በነገራችን ላይ፣ አገር ቤት የላንድክሩዘር ጎን ላይ ወደ ጣሪያው ቀጥ ብሎ የቆመውን ቱቦ ማርሚታ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም፤ እሱ ሞተሩ አየር የሚስብበት ነው፣ ወንዝ ሲሻገር ውሃ እንዳይጠጣ። ማርሚታው ውሃ ውስጥ ቢገባ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ጭሱ ውሃውን እየገፋ ያስወጣዋል።

የበጋው ነገር

ከሚያዝያ በኋላ አገሩ በሙሉ ደረቅ እሾህና ሳር ነው። ሜሚር ሲሠራ በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ይግላል። ረጅም ሳር ላይ የሚነዳ ጂፕ ከሥሩ ሳር ይሰበስባል፤ ሳሩ ከሜሚሩና ከጥበቃ ላሜራው መሐል ይታጨቃል፤ ከዚያ ቆሞ እያለ ይጨሳል። ከሜሚሩ በላይና በታች ያሉት ቀጫጭን ላሜራዎች ሲንቀጫቀጩ ሰው «ምን ያደርጋሉ» ብሎ ነቅሎ ይጥላቸዋል። እነሱ ናቸው ሙቀቱን ከምንጣፉና ከሳሩ የሚለዩት። የእኔ አንዱ ጠፍቶ ነበር፤ ከአሮጌ መኪና አግኝተው አሰሩልኝ። ከሳር ሜዳ ስትወጡ ቆማችሁ ከሥር ማየት፣ ደረቅ ሳር ላይ አለማቆም፣ ውሃና እሳት ማጥፊያ መያዝ። ይህን የምታነቡ ሽታሕ የምትወርዱ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ግን ስንቶቻችን ነን ጎንበስ ብለን የምናየው?

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ለድምፅ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ለስንጥቁ፣ ለሞተሩ ጎማዎች፣ ለማርሚታው፣ ለኋላው በር ላስቲክ ሄደ። ሲያስረክቡኝ «500 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ ተመለስ፣ ቡሎኖቹን ላጥብቃቸው፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ሲግል ይቀመጣል» አሉኝ። ተመለስኩ፤ ሁለቱ ላልተው ነበር።

በሱኮት እንደገና ራሞን ወረድን። የኋላው በር ተዘግቶ፣ ድንኳኑ ጣሪያ ላይ ተጭኖ። ልጅቷ መለኪያውን በየአሥር ደቂቃው እያነበበች «ዜሮ፣ አባ» ትለኛለች። ስዴ ቦከርን ካለፍን በኋላ ግን ዝም ብላ ቆየችና አንድ ቅሬታ እንዳላት ነገረችኝ፦ የጎረቤታችን ልጅ ጂፕ ድምፁ ከእኛው ይበልጣል።